መግቢያው ላይ እኔ፣ መውጫው ላይ ጋሽ ተሰማ

እኛ መግባት እንችልበታለን፤ ያልሰለጠንበት መውጣቱ ነው። ካላመናችሁኝ አንድ እሑድ አበሻ ቤት ተጋበዙና ስንብቱን ታዘቡ። እንግዳው «እንግዲህ እንሂድ» ይልና ይቀመጣል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይነሣል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ በር ላይ ቆሞ ሳሎን ውስጥ ያላነሣውን ወሬ ሁሉ ያነሣል። ባለቤቱ «መኪናህ ድረስ ልሸኝህ» ብሎ አብሮት ይወጣና መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ሞተሩ ይሠራል፣ ቤንዚኑ ይቃጠላል፣ ልጆቹን ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አልነቅፍም። እኔ ራሴ ባለቤቴን ያገኘሁት አንድ ጊዜ ሰው በር ላይ ከልክ በላይ በመቆየቴ ነው። ግን ይህንኑ ጠባያችንን ይዘን አክሲዮን ገበያ የገባን ጊዜ ምን እንደሆንን ልንገራችሁ። ዕድሜ ለጋሽ ተሰማ፣ ዛሬ የማወራው እየሳቅሁ ነው።

ጊዜው የፈረንጆቹ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ነው። ዳውንታውን አትላንታ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ ያለ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ እኛ ሎት እንለዋለን። ሎቱ ሁለት በር፣ ሁለት ቡዝ አለው። ቡዝ ማለት አንድ ሰው፣ አንድ ወንበርና አንድ ማሞቂያ ብቻ የምትችል የመስታወት ጎጆ ናት። መግቢያው ላይ እኔ ተቀምጬ ቲኬት እሰጣለሁ፤ መውጫው ላይ ጋሽ ተሰማ ተቀምጠው ቲኬቱን ይቀበላሉ፣ ሂሳቡን ያስከፍላሉ፣ መንገዱን የዘጋውን እንጨት ያነሣሉ።

ጋሽ ተሰማ አገር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የግምጃ ቤት ሰው ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት፣ ዕቃ ሲገባ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል ሃያ ሁለት የሚባል ወረቀት ይቆረጣል፤ ያለዚያ ወረቀት ሚኒስትሩ ራሱ ቢመጣ አንዲት እርሳስ አትወጣም። ጋሽ ተሰማ ይህንን ልማድ ጠቅልለው አሜሪካ ይዘውት መጥተዋል። አንድ ቀን አንድ ዳኛ ቲኬታቸው ጠፋባቸውና «ከገባሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም፣ ያ ሰውዬ አይቶኛል» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። እውነታቸውን ነው፣ ከሩቅ ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ጋሽ ተሰማ ግን «ኖ ቲኬት፣ ፉል ዴይ» አሉ። ዳኛው ተቆጡ፣ ለመኑ፣ ሳቁ፣ በመጨረሻ የሙሉ ቀን ከፍለው ወጡ። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ዳኛውን «ሃቭ ኤ ብለስድ ዴይ» ብለው ነው የሸኟቸው።

ታዲያ በዚያ ዘመን ስቶክ፣ ማለትም አክሲዮን፣ ያልገዛ ሰው ጤናው ይጠረጠር ነበር። ቅዳሴ አልቆ ግቢው ውስጥ ስንቆም ከ«ልጆች ደኅና ናቸው?» ቀጥሎ የሚመጣው «ያንተዋ ስንት ገባች?» ነው። የእኛ ሎት መምህር ፋሲል ነበር። ፋሲል ታክሲ ነጂ ነው። ፊት ለፊታችን ያለው ሆቴል በር ላይ ተራ ይይዝና ተራው እስኪደርስ የእኔ ቡዝ መስኮት ላይ ተደግፎ የዓለምን ኢኮኖሚ ይተነትናል። ለኢንተርኔት መስመር የሚሆን ዕቃ ትሠራለች የተባለችውን ኩባንያ ያመጣልኝ እሱ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ነፍሷን ይማር። ባለቤቴን ሙሉን አስፈቅጄ፣ ለቤት መግዣ ስድስት ዓመት ያጠራቀምናትን ዳውን ፔይመንት በሙሉ አውጥቼ፣ አንዷን ሼር በሃያ ዶላር ገዛሁ። ሙሉ ስትፈቅድ አንድ ቃል አስገብታኛለች፦ ቤት የሚገዛ ሲሞላ ይሸጣል።

የምንኖረው ቻምብሊ፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ዳር፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ወንድ ልጄና ሴት ልጄ አንድ ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎላቸው ይተኛሉ፤ ሴቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት በመጋረጃው ድንበር የተነሣ በየቀኑ ጦርነት ነው። ሙሉ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኬኔሶ ውስጥ አንድ ቤት አይታ ወድዳለች፤ ሦስት መኝታ ቤት፣ ከጀርባው ሁለት የጥድ ዛፍ። ሥዕሉን ከማስታወቂያው ላይ ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዘው ነበር። አክሲዮኗ ስልሳ ስትገባ ቤቱ ሞላ። ሰማንያ ስትገባ ቤቱም የቤት ዕቃውም ሞላ። መቶ አሥር ስትገባ ግን እኔ ከቻምብሊ ወጥቼ በሐሳቤ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር፤ ለሰው ሰላምታ ስሰጥ እንኳ ዘግየት እል ጀመር።

«ሽጣት» አለች ሙሉ።

«መቶ ሃያ ትግባና» አልኋት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። የምትሠራው ከሎቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ሆቴል፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል አለቃ ሆና ነው። የአልጋ አንሶላ ስታጥፍ የምታጥፍበት ፍጥነት አለ፤ ተረት ስትተርትብኝም ልክ እንደዚያው ነው።

መቶ ሃያ አልገባችም። መቶ አምስት፣ መቶ ሦስት፣ ደግሞ መቶ ስምንት፣ ከዚያ መቶ። ገበያው እንደ ደከመ ሽማግሌ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ሦስት ይወርዳል። ፋሲል «ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው» ይላል። እኔም «አዎ፣ እየሰበሰበች ነው» እላለሁ። ያን ጊዜ ነው የጋሽ ተሰማ ልጅ ሳራ አንድ መላ የነገረችኝ። ሳራ አትላንታ ያደገች፣ ኮሌጅ ጨርሳ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት። «እርስዎ» የሚባለውን ቃል ሰምታዋለች እንጂ አትገለገልበትም።

«ሊስን ደምሴ፣ ስቶፕ ሎስ የሚባል ነገር አለ» አለችኝ። «አክሲዮኑን ለሚያገበያዩልህ ብሮከሮች አንድ ዋጋ ትሰጣቸዋለህ፤ እዚያ ከወረደች ራሱ ይሸጥልሃል። ስትወጣ መስመሩን ከኋላ ከኋላዋ ከፍ ታደርገዋለህ። ስትወርድ ግን አትነካውም። ላይክ፣ ኔቨር። ኦኬ?»

ኦኬ አልኋት። ገብቶኛል። ገብቶኝ ሄጄ መስመሩን ዘጠና አምስት ላይ አሰመርሁ። ዘጠና ስድስት ስትደርስ ግን አንጀቴ አልችል አለ፤ ለአንድ ዶላር ብዬ ልጣላት? አልሁና መስመሩን ሰማንያ አምስት ላይ አወረድሁት። ሰማንያ ሰባት ስትደርስ ደግሞ ሰባ ላይ። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በእጄ የነበረውን መቶ አሥር ዶላር እያሰብሁ በሰማንያ አምስት መሸጥ ከገዛ ኪሴ የተሰረቅሁ ያህል ነበር የሚሰማኝ። በሃያ ዶላር መግዛቴን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ።

ሙሉ ነገሩን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ዘበኛ ቀጥረህ፣ ሌባ ሲመጣ ዘበኛውን ‹እስቲ ዞር በል› የምትል ሰው ነህ እኮ!» አለችኝ። «አንተን ከአንተ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔን ፊት ፊት እየነዳች ጋሽ ተሰማ ቤት ወሰደችኝ።

ጋሽ ተሰማ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «እኔ ስለ ስቶክ የማውቀው የለም» አሉ። «ማወቅም አይጠበቅብኝም። መጋዘን ውስጥ ያለው ጨው ይሁን ጥይት ለእኔ አንድ ነው። የምጠይቀው ማን አዘዘ፣ ማን ፈረመ ነው። ወረቀት አምጡ።»

ወረቀት መጣ። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍሁ፦ «እኔ ደምሴ፣ አክሲዮኔ ወደ ሰባ አምስት ዶላር ስትወርድ እንድትሸጥ አዝዣለሁ። መስመሩን ከፍ ለማድረግ የእኔ ፊርማ ይበቃል። ዝቅ ለማድረግ ወይም ለመሰረዝ ግን ሁለቱም ምስክሮች ፈቅደው ካልፈረሙ፣ ብለምንም ባለቅስም፣ ፖስታው እንዳይሰጠኝ።» «ብለምንም ባለቅስም» የምትለዋን ያስጨመረችው ሙሉ ናት። ከምስክሮቹ አንዷም እሷው ሆነች። ሁለተኛው ፋሲል ይሁንልኝ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ለክፉ ቀን የምትሆን የጓሮ በር መተዌ ነበር። ሳራ ኮምፒውተሯ ላይ መስመሩን ሰባ አምስት ላይ አሰመረች፣ የአካውንቴን ፓስወርድ ለወጠች፣ አዲሱን ፓስወርድ በወረቀት ጽፋ ፖስታ ውስጥ አሸገች። ጋሽ ተሰማ እሽጉ ላይ ፈረሙበትና ኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

«ብሮከሩ ዘንድ ደውለህ ‹ፓስወርድ ጠፋብኝ› አትልም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። እችል ነበር። የብሮከሩን ሰው መዋሸት ቀላል ነው፤ በስልክ ነው፣ መልኬን አያውቀውም። ግን በማግስቱ መጥቼ ከጋሽ ተሰማ ቡዝ ትይዩ እንዴት እቀመጣለሁ? አደራ ሰጥቶ በጓሮ የሚሰርቅ ሰው ምን ይባላል? ስም እንኳ አልወጣለትም።

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፋሲል ከሆቴሉ በር እየሮጠ መጣ። የሆቴሉ ሎቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ። «ሰባ ሰባት!» አለኝ። «ግን እንዳትደነግጥ፣ ነገ ትነሣለች። ዛሬ የሸጠ ነገ ፀጉሩን ይነጫል።»

ፀጉሬን ከዛሬው መንጨት ጀመርሁ። ቡዙን ለምሳ ተራ ለሚቀይረኝ ልጅ ትቼ ወደ መውጫው በረርሁ።

«ጋሽ ተሰማ፣ እባክዎ ፖስታዋን።»

«የመሰረዣ ደብዳቤ ይዘሃል?»

«ጋሽ ተሰማ፣ ነገ ትነሣለች እኮ! የልጆቼ ቤት ነው!»

«ስለዚህ ነው ደብዳቤ የምጠይቅህ» አሉና ከኋላዬ ጡሩምባ ለነፋው መኪና እንጨቱን አነሡለት። «ሁለት ፊርማ ይዘህ ና። እኔ ከዚህ አልሄድም።»

ወረቀት ፍለጋ ስዳክር ያገኘሁት የቲኬት ጀርባ ነበር። እዚያ ላይ «መስመሩ ይሰረዝ» ብዬ ጻፍሁ። ፋሲል ሳያነበው ፈረመ፤ ለዚህ ነው የመረጥሁት። ከዚያ ሁለቱን መንገድ እየሮጥሁ የሙሉ ሆቴል ደረስሁ። እሷ ከእንፋሎቱ መሐል አንሶላ ታጥፋለች። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ለመንኋት። አልዋሻችሁም፣ ዓይኔ ውስጥ እንባም ነበር። ቲኬቷን ተቀበለችኝ፣ አነበበች፣ አየችኝ።

«እስክሪብቶ ይዘሃል?» አለች።

ከኪሴ መዥርጬ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ረጋ ብላ ጻፈችና አጥፋ መለሰችልኝ። ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። እንዴት ያለች ሚስት ሰጠኸኝ እያልሁ፣ አንድ ቀይ መብራት ጥሼ፣ ጋሽ ተሰማ ፊት ተገተርሁ። መነጽራቸውን አወጡ፣ በመሐረብ ጠረጉት፣ አደረጉት። ቲኬቷን ዘረጓት። አነበቧት።

«አንብበኸዋል?» አሉኝ።

ወስጄ አነበብሁት። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ «አልስማማም። ሙሉ» ይላል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ፋሲል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ሰባ አራት!» ብሎ ጮኸ። ተሽጣለች።

ጋሽ ተሰማ ቲኬቷን አጥፈው ከፖስታው ጋር ኪሳቸው ውስጥ አያያዟት። «ፋይል ውስጥ ይቀመጣል» አሉ። «አይዞህ ልጄ። ሄደህ ምሳህን ብላ።» አልበላሁም።

በዚያው ሳምንት ምን ሆነ መሰላችሁ? አክሲዮኗ ተነሥታ ዘጠና ሁለት ገባች! ፋሲል ቡዜ መስኮት ላይ ተደግፎ «እኔ ምን አልሁህ?» ሲል ዋለ። በእኔ ሼሮች ልክ ልዩነቱን እያባዛ ይነግረኛል፤ ሂሳብ እንዲህ የሚችል መሆኑን አላውቅም ነበር። ለጋሽ ተሰማ ስምንት ቀን ሙሉ ከ«እንደምን አደሩ» ሌላ ቃል አልሰጠኋቸውም። እሳቸው ግን እንደ ድሮው ከቤታቸው የመጣችውን ዳቦ ለሁለት ቆርሰው በየጠዋቱ ይልኩልኛል። ዳቦዋን እበላለሁ፣ አኩርፌ።

በዘጠነኛው ቀን ሰማንያ ገባች። በወሩ ስልሳ። መስከረም ሳይጠባ ሠላሳ፣ በዓመቱ እኔ ከገዛሁበት ከሃያ በታች። ከዚያማ ኩባንያዋ በሯን ዘጋች፤ ዕቃዋ ራሱ ይሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ፋሲል እስከ መጨረሻዋ ቀን «ትነሣለች» እያለ አብሯት ወረደ። ደግነቱ ሳቁ አልወረደም፤ አሁን የሚተነትነው የቤንዚን ዋጋ ነው። እኛ መንግሥት የግብር ድርሻውን ከወሰደ በኋላ በቀረችው ገንዘብ ኬኔሶ ገባን። ያቺ ሥዕሏ በቦርሳ የኖረችዋ ቤት ተሽጣ ነበር፤ ከጎኗ ያለችውን ገዛን። ጥዱ አንድ ብቻ ነው። ልጄ የራሷን በር የዘጋች ቀን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው፤ ድምፁን ለመስማት ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሦስቱንም ቆጠርሁ።

ቤቱን ስናስመርቅ ጋሽ ተሰማ መረቁን፣ በሉ፣ «እንግዲህ ልሂድ» አሉና፣ ታምኑኛላችሁ? ሄዱ። መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶ አሰሩ። ሳራ ግን አበሻነቷ በር ላይ ያዛትና ከእኔ ጋር ቆማ ማውራት ጀመረች። «አባዬ ሁልጊዜ ስላንተ ቤት ያወራል» አለችኝ። «ሂ'ስ ሶ ፕራውድ፣ በጣም ይኮራብሃል። የራሱ ገንዘብ ግን ሁሉም ሄደ።»

«የምን ገንዘብ?»

«አንተ የገዛኸውን ስቶክ እሱም ገዝቶ ነበር። የኢየሩሳሌም መሄጃውን አውጥቶ። አልነገረህም?»

ያን ሁሉ ወር «መቶ ሦስት ገባች! መቶ ስምንት ገባች!» እያልሁ ከመግቢያው ወደ መውጫው ስጮህ የነበርሁት እኔ ነኝ። ከፋሲል ሰምቼ፣ እኔ ለሳቸው አሰማሁ። ሮጬ መኪናው መስኮት ላይ ተደገፍሁ።

«ጋሽ ተሰማ፣ የእኔን በሰባ አምስት አሽጠው የራስዎን ለምን አልሸጡም?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ማን አዘዘኝ?» አሉ። «ያንተዋ አክሲዮን ደብዳቤ ነበራት። የእኔ ደብዳቤ የት አለ?»

ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ ደግሞ አፈርሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ንብረት የጠበቀ ሰው ለራሱ መጋዘን አዛዥ የለውም። እኔስ ብሆን ያለ ሙሉ ማን ነበረኝ? ሰውን ከራሱ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚ መማር አያስፈልግም።

ገንዘቡን በእጅ ብሰጣቸው እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከሙሉ ጋር ተመካክረን በንጹሕ ወረቀት ጻፍን፦ «ለአቶ ተሰማ። ጉዳዩ፦ ኢየሩሳሌም ስለ መሄድ። ወጪው እርስዎ ጠብቀው ካቆዩልን ገንዘብ ተሸፍኖ፣ ለትንሣኤ በዓል ኢየሩሳሌም እንዲሄዱ ታዘዋል።» ሁለት ምስክር፣ ሙሉና ፋሲል። ወስጄ ቡዛቸው ውስጥ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ሁለት ጊዜ አነበቡና መለሱልኝ።

«ቁጥርና ቀን የለውም» አሉ።

ቁጥር አንድ ብዬ ጻፍሁበት፣ ቀኑንም ጨመርሁ። ኮታቸው ውስጥ ከተቱትና መነጽራቸውን ደግመው ጠረጉት፤ በዚህኛው ጊዜ የሚጠረገው መነጽሩ ብቻ አልነበረም። ፋሲል ሳያስከፍል ኤርፖርት አደረሳቸው። ፖስት ካርዳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ፦ «ለአቶ ደምሴ። በቁጥር አንድ በታዘዝሁት መሠረት ኢየሩሳሌም በሰላም ደርሻለሁ። ለእናንተና ለልጆቹ ሻማ አብርቻለሁ። ለፋሲል ሁለት። ተሰማ።»

ሙሉ ካርዱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ትንሣኤ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ሳራ ደወለችልኝ። «ደምሴ፣ አባዬ የመመለሻ ትኬቱን ሁለት ጊዜ አራዘመው። ና ስለው ‹ደብዳቤው ላይ ስለ መመለስ የተጻፈ ነገር የለም› ይለኛል። ኦ ማይ ጋድ፣ ምን ላድርግ?»

እዚያ ደስ ቢላቸው ነው እንጂ ደብዳቤ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይተረጉመዋል? ያም ሆነ ይህ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መግቢያውን ጽፌ መውጫውን ረስቼዋለሁ። ወረቀት አወጣሁ፣ ቁጥር ሁለት አልሁ፣ «ጉዳዩ፦ ወደ አትላንታ ስለ መመለስ» ብዬ ጻፍሁ። ሙሉ ወዲያው ፈረመች። የቀረችኝ የፋሲል ፊርማ ብቻ ናት፣ ወረቀቷን ይዤ ወደ ታክሲው ሄድሁ። ያ ሳያነብ የሚፈርም ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቦ መለሰልኝ።

«ምን ያስቸኩላል?» አለኝ። «ትንሽ ይቆዩ።»